ሳያቅድ የዋሸው እንግዳ

ኮሜዲ ውስጥ አጭበርባሪ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱን ይዞ ነው። ኒኮላይ ጎጎል በ1836 እ.ኤ.አ. ፒተርስበርግ ላይ ለመድረክ ባበቃው «ተቆጣጣሪው» ውስጥ ግን ዋናው ገጸ ባሕርይ ኽሌስታኮቭ ማንንም ሊያታልል አልመጣም። ገንዘቡን በካርታ ጨዋታ ተበልቶ፣ ያረፈበትን ሆቴል ሂሳብ መክፈል ያቃተው ዝቅተኛ ጸሐፊ ነው። ተቆጣጣሪ ያደረገው፣ ተቆጣጣሪ ይመጣብናል ብለው የሰጉት በጉቦ የተጨማለቁ የከተማዋ ሹማምንት ፍርሃት ነው።

ከንቲባው ሆቴል ድረስ ሲመጣ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዱ በዕዳ ልታሰር ነው ብሎ፣ ሌላው ጉዴ ሊወጣ ነው ብሎ። ኽሌስታኮቭ ገንዘብ እንደሌለው እውነቱን ይናገራል። ከንቲባው ይህን እንደ ረቂቅ ብልሃት ይቆጥርና ሁለት መቶ ሩብል ሲጠየቅ አራት መቶ ያስጨብጠዋል። በማጭበርበር የኖረ ሰው እውነት ሲነገረውም የሚሰማው ማጭበርበር ነው።

የጥበቡ ጫፍ ሦስተኛው ገቢር ላይ ነው። መጠጥ ሞቅ ያደረገው ኽሌስታኮቭ ከባለቅኔው ፑሽኪን ጋር ወዳጅ መሆኑን፣ ማዕዱ ላይ የሰባት መቶ ሩብል ሐብሐብ እንደሚቀርብ፣ ሾርባው ከነድስቱ በመርከብ ከፓሪስ እንደሚመጣለት ያወራል። በመሃል አራተኛ ፎቅ ወዳለችው ቤቱ ደረጃ ሲወጣ፣ ካፖርቱን ለምግብ አብሳይዋ ሲሰጥ ይተርካል። ድሃ ኑሮው አፈትልኮ ወጣ። ወዲያው ያስተካክለዋል፤ የሰማው ሁሉ ግን እየሰማ አልሰማም። ጎጎል ይህችን ስንጥቅ ሆን ብሎ ነው የተዋት። ከዚያ በኋላ ነው ውሸቱ ጣሪያ የሚነካው፦ ሠላሳ አምስት ሺህ መልእክተኞች የመንግሥት መምሪያ እንዲመራ ሊለምኑት በየጎዳናው ሲሮጡ። አድማጮቹ በፈሩ ቁጥር እሱ ይጨምራል፤ እሱ በጨመረ ቁጥር እነሱ ይፈራሉ።

እውነቱ የወጣውም በቅን ሰው አይደለም። የሰው ደብዳቤ መክፈት የለመደው የፖስታ ቤቱ ሹም የኽሌስታኮቭን ደብዳቤ ከፍቶ ነው። በዚያች ከተማ እውነት እንኳ የምትገለጠው በሌላ ጥፋት ነው። የእውነተኛው ተቆጣጣሪ መምጣት ሲነገር ሁሉም በቆመበት ድርቅ ይላል፤ ጎጎል ይህ ዝምታ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል እንዲቆይ አዟል።

ተውኔቱን የማየት ዕድል ከገጠማችሁ፣ ሦስተኛው ገቢር ላይ ዓይናችሁን ከውሸታሙ አንሥታችሁ የሚሰሙትን ሰዎች ፊት ተመልከቱ። ውሸቱ የሚሠራው እዚያ ነው።