የነጋበት ሌሊት፦ «ባፊ» በዲቪዲና በኤችዲ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ሲታይ

በፊልም የሚታይ የቫምፓየር ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ሕግ ይጸናል፤ ደም መጣጩ የሌሊት ነው፣ ፀሐይ ካገኘችው ነዶ አመድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ድራማ ለቤት ተመልካች ሲቀርብ፣ የምስሉ ጥራት ከመለካቱ በፊት «ሌሊቱ ሌሊት ሆኖ ደርሷል ወይ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በአሜሪካው ተከታታይ ድራማ «ባፊ ዘ ቫምፓየር ስሌየር» ላይ ይፈትሻል።

ጆስ ዊደን የፈጠረው ድራማ ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በ7 ምዕራፍና በ144 ክፍል ተላልፏል። የመጀመሪያዎቹ 2 ምዕራፎች በ16 ሚሊ ሜትር፣ ቀጣዮቹ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጸዋል። ምስሉ የተቀናበረው ለ4 በ3 ስክሪን ነበር፤ በ2001 የቀረበው ሙዚቃዊ ክፍል ግን ሆን ተብሎ በሰፊ ቅርጽ ተሠርቷል። በሰሜን አሜሪካ የወጣው ዲቪዲ የመጀመሪያውን ቅርጽ ጠብቋል። በብሪታንያ ግን የኋለኞቹ ምዕራፎች በ16 በ9 ቅርጽ ወጡ።

ትልቁ ጥፋት የመጣው በ2014 እ.ኤ.አ. በፒቮት ጣቢያ መተላለፍ ከጀመረው የኤችዲ ቅጂ ጋር ነው። ድራማው መጀመሪያ የተጠናቀቀው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ስለነበር፣ ፊልሙ እንደገና ሲነበብ የቀለም ሥራውም እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት። በቀን ተቀርጸው በቀለም ማጣሪያ የመሹ ትዕይንቶች ማጣሪያቸውን አጥተው ነጉ፤ ቫምፓየሩም በጠራራ ፀሐይ ሳይቃጠል ቆመ። ክፈፉ ሲሰፋ የቀረጻ ባለሙያዎችና ዕቃዎቻቸው በጠርዙ ብቅ አሉ፤ ከላይና ከታች በተቆረጠበት ቦታ ደግሞ የተዋንያኑ ግንባር ጠፋ።

በደባርቅ አጠገብ ካለው የሊማሊሞ አፋፍ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ስፋት በራሱ ውበት ነው፤ ስለዚህ ሰፊውን ስክሪን ሙሉ መሙላት ማሻሻያ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ብራናው ሰፊ ነው ብሎ ኅዳጉን በራሱ ቃል የሚሞላ ቁም ጸሐፊ አይመሰገንም። ባዶው ጠርዝ የድርሰቱ ወሰን ነው።

ሌሊቱ ከመንጋት ይልቅ የሚደፈንበትን ተቃራኒ ጉዳት ደግሞ በአገራችን እናውቀዋለን። ፊልም ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ቪሲዲ፣ ከዚያም ወደ ዲቪዲና ፍላሽ ሲገለበጥ ኖሯል። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው፤ በአገራችን ሥርዓት፣ በፓል፣ የተዘጋጀ ዲቪዲ ግን 720 በ576 ይደርሳል። መረጃ ሲታመቅ ቀድሞ የሚጎዳው ጨለማው ነው፤ ጥላና ጥላ የሚለዩበት ስስ ድንበር ጠፍቶ አራት ማዕዘን ንጣፍ ይሆናል። ቪሲዲው ሌሊቱን ሲደፍነው፣ ኤችዲው አነጋው።

የሌሊቱ መንጋት ለደባርቅና ለዳባት ተመልካች ሌላ መልክ አለው። ደጋው የራሱ «በላተኛ» አለው፤ በቆየው እምነት ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ቀን ግን ማረሻ የሚቀጠቅጥ ወይም እንስራ የሚሠራ ጎረቤት ነው። ቀን አይገድለውም፤ እንዲያውም በዓይኑ የሚበላው በቀን ነው ይባላል። በዚህ ተረት ያደገ ሰው ቫምፓየሩን በፀሐይ ቆሞ ሲያየው የቴክኒክ ስህተት መሆኑን ላያስተውል ይችላል፤ «ይህም እንደ ቡዳው ቀን ይሄዳል ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጠፋው ማጣሪያ የታሪኩን ሕግ ሳይናገር ለወጠ።

ሁለቱን አንድ ማድረግ ደግሞ ቀላል ስህተት አይደለም። ቫምፓየሩ የልብ ወለድ ፍጡር ነው። የቡዳነት ስም ግን በሰሜንና በወገራ በቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች፣ በሥጋ ለባሽ ጎረቤቶች ላይ ተለጥፏል፤ ተመራማሪዋ ሃጋር ሳላሞን በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ይህን በሰፊው መርምራዋለች። አንዱ ፍርሃት በመጋረጃ ያልቃል፣ ሌላው ሰው አግልሏል። ቫምፓየሩን ከቡዳው የሚለየው አንዱ ምልክት ያ ሌሊት ነበር፤ ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው ያነጋውም እሱኑ ነው።