የተመለሰው ዓለም ስፋት

ሩስያዊው የሥነ ልቦና ሊቅና ሐኪም አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት መጽሐፍ «የጠፋና የተመለሰ ዓለም» የሚል ርዕስ ነበረው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን «ዓለሙ የተሰባበረበት ሰው» ተባለ። ሁለቱም ርዕሶች ከታሪኩ ይልቃሉ። በ1943 ጭንቅላቱን በጥይት የተመታው ወጣት መኮንን ዛሴትስኪ የቀድሞ ዓለሙ አልተመለሰለትም፤ ተሰባብሮም አልቀረም። ለ25 ዓመት ያህል 3,000 ገጽ ገደማ ጻፈ፤ የጻፈውን መልሶ ማንበብ ግን ይቸግረው ነበር።

የመጽሐፉ ብርቱ ክፍል እጁ ሥራ የጀመረበት ነው። ፊደል በፊደል ሲሞክር የተሳነው ሰው፣ እጁን ሳያነሳ ቃሉን በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ጻፈ። ሰቆጣ ላይ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ፍሬው እዚህ ላይ ነው። ከገደል ወድቆ ወይም በዱላ ተመትቶ አንጎሉ የተጎዳ የዋግ ኽምራ ገበሬ ብዕር ላያውቅ ይችላል፤ ሞፈርና ጅራፍ የለመደ እጅ ግን አለው። የግላስጎው የኮማ መለኪያ 15 ከ15 መሙላቱ በሬ መጥመድ መቻሉንም ሆነ ከገበያ ወደ ቤቱ መመለሱን አይናገርም። (ዛሴትስኪም ከሰፈሩ ሳይርቅ መንገድ ይጠፋው ነበር።) ምርመራው በአማርኛ ብቻ ከተደረገ ደግሞ፣ በኽምጣና አፉን የፈታውን ሰው የቋንቋ እጥረት የአንጎል ጉዳት አስመስሎ ሊመዘግብ ይችላል።

የሉሪያ ጉድለት ቤተሰቡን በጥላ ሥር መተዋቸው ነው። ዛሴትስኪ የኖረው ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር ነበር፤ ምን ያህል እንደደከሙ ግን ብዙም አይነገርም። በዋግ ተራሮች ከሆስፒታል የወጣውን ሰው ተቀብላ የምታስታምመው፣ በዚያው ቀን ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የሚጠብቃት ሚስቱ ናት።