ስፌቱ የማይታይ ጥገና

ቀኝ ዓይኑ ወደ ውጭ መዞር ካቃተው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይን ዓይኑን መመልከት ብዙ ያስተምራል። ደህናው ግራ ዓይን ይሸፈንና የታመመው ብቻውን ይይ። ሁለት ጣት ግራና ቀኝ ቀስሮ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እንዲያይ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ላይ ዓይኑ ወደ ደከመበት ወገን ሲወረወር መንገድ ላይ ይቀራል፤ የጎደለውን በትንንሽ ዝላዮች እየጨመረ ነው ጣቱ ዘንድ የሚደርሰው። ሽፋኑ ሳይነሳ ጥቂት ቀናት ይለፉና እንደገና ይሞከር። አቅም ጨርሶ ካልጠፋ፣ ያው ዓይን አሁን በአንድ ዝላይ ጣቱ ላይ ያርፋል። ነርቩ ገና አልዳነም፤ ጡንቻውም ያው የደከመው ጡንቻ ነው። ታዲያ የተጠገነው ምኑ ነው?

እያንዳንዱን ዓይን የሚያዞሩት ስድስት ጡንቻዎች ናቸው። የሚያዟቸውም ከአንጎል የሚወጡ ሦስት ነርቮች ናቸው፦ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው የራስ ቅል ነርቭ። ስድስተኛው የተሰጠው አንድ ጡንቻ ብቻ ነው፤ ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል የሚስበው። ይህ ነርቭ በራስ ቅል ወለል ላይ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ስኳር ወይም የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ሲጎዱ ይዝላል፤ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር ይወጠራል፤ ዕጢም ሆነ አደጋ ይጎዳዋል። ስለዚህ ድንገት አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት የጀመረ ሰው ውሎ ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የጥገናውን ረቂቅነት ለመረዳት የሥራውን ክብደት ማወቅ ያሻል። ስናነብም ሆነ የሰው ፊት ስናይ ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። ሳካድ የሚባለው ይህ ዝላይ ትልቅ ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ያልቃል። ዓይን ያየው ወሬ አንጎል ደርሶ መልስ እስኪመጣ ዝላዩ አብቅቷል። ማማው ላይ ቆሞ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ የወነጨፈውን ድንጋይ አየር ላይ ሊያቃናው አይችልም። የሚማረው ከወደቀበት ቦታ ነው፤ የሚያቃናውም የሚቀጥለውን ውርወራ ነው። ዓይንም እንደዚሁ ነው።

ትእዛዙ ራሱ ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛውን ወርዋሪ፣ ሁለተኛውን ያዥ ልንላቸው እንችላለን። ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ በስብና በጅማት ተከቦ ስለተቀመጠ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ይከብዳል፤ ያንን ለማሸነፍ የነርቭ ሴሎቹ ለቅጽበት በኃይል ይተኩሳሉ። ወርዋሪው ይህ ነው። ዓይን ከደረሰ በኋላ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሥጋ እንደ ላስቲክ ወደ መሃል ይጎትተዋል፤ እዚያው ለማቆየት ዝቅ ያለ ግን የማያቋርጥ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ያዡ ይህ ነው። ወርዋሪው ካነሰ ዓይን ሳይደርስ ይቀራል። ያዡ ካነሰ ደርሶ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጡንቻ ሲደክም ትእዛዙን በጅምላ ማጠንከር አይበቃም። ሁለቱ ለየብቻ መለካት፣ ከዚያም እርስ በርስ መመጣጠን አለባቸው።

ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራ ያሳየው ላንስ ኦፕቲካንና ዴቪድ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ጥናት ነው። የዝንጀሮዎችን አንድ ዓይን ወደ ጎን የሚያዞሩትን ጡንቻዎች በቀዶ ሕክምና አዳከሙ። በደካማው ዓይን ብቻ እንዲያዩ ሲገደዱ ዝላያቸው በቀናት ውስጥ ተስተካከለ። ከማጅራት በላይ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሰሪቤለም የሚባለው፣ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ግን ይህ ችሎታ ላይመለስ ጠፋ። ይበልጥ የሚያስደንቀው መካከለኛው ክፍሉ ብቻ ሲወጣ የታየው ነው፦ የዝላዩ ርዝመት መታረሙ ቀረ፤ መንሸራተቱን የማስቆም ችሎታ ግን ተረፈ። ወርዋሪውን የሚለካውና ከያዡ ጋር የሚያመጣጥነው የተለያዩ እጆች ኖረዋል።

የትንሹ አንጎል ዋና ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1837 እነሱን በገለጸው የቼክ ተመራማሪ በፑርኪንየ ስም ይጠራሉ። አንዱ ሴል ከ100 ሺህ በላይ ቀጫጭን ክሮች የሚያመጡትን ወሬ ይሰማል፤ ከእነዚህ ሌላ ግን በግንዱና በቅርንጫፉ ላይ እንደ ሐረግ የሚጠመጠም አንድ ብቸኛ ክር አለው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት «ስተሃል» የሚለውን ቃል የሚያደርሰው ይህ ነጠላ ክር ነው። ጥገናውም ቦታ ይለያል። ቀኝ ዓይን ወደ ቀኝ መሄድ ካቃተው የወደ ቀኙ ትእዛዝ ይበረታል፤ የወደ ግራው ግን በነበረበት ይቆያል። ደህና የሆነውን ሳይነኩ የተጎዳውን ብቻ መንካት የባለሙያ ምልክት ነው።

ነገር ግን ይህ ጥገና ዕዳ አለበት። ጀርመናዊው ኤቫልድ ኸሪንግ እ.ኤ.አ. በ1868 እንዳስረዳው ሁለቱ ዓይኖች የሚታዘዙት በአንድ ትእዛዝ ነው። እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱን ለብቻው መንዳት አይቻልም። ለደካማው ቀኝ ዓይን ተብሎ የበረታው ትእዛዝ ሽፋን ሥር ላለው ግራ ዓይንም እኩል ይደርሰዋል። ጤነኛው ዓይን ከሚገባው በላይ ይወረወርና ወደ አፍንጫ በኩል ዒላማውን አልፎ ይሄዳል። ሁለቱም ዓይኖች ተከፍተው ሲያዩማ አንድ ትእዛዝ ሁለቱን ሊያረካ አይችልም። እዚህ ላይ አንገት ይረዳል፤ ሰውየው ሳያስበው ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ዓይኖቹም ጥማዱ በሚስማማበት በግራ በኩል ያያሉ። ፕሪዝም ያለው መነጽር ብርሃኑን አጥፎ የቀረውን ልዩነት ያጠባል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ጉንትራም ኮመሬልና ባልደረቦቹ ይህንኑ ዕዳ በሰው ላይ ለክተው አሳተሙ። ስድስተኛው ነርቫቸው የተጎዳ፣ ግን የታመመው ዓይናቸው የተሻለ ስለሚያይ በእሱ መጠቀም የለመዱ ሕሙማን ነበሩ። የታመመው ዓይን ዒላማውን በትክክል ሲመታ ጤነኛው ያልፈው ነበር። የታመመው ተሸፍኖ በጤነኛው ብቻ ለቀናት እንዲያዩ ሲደረግ፣ ትእዛዙ እንደገና ለጤነኛው ልክ ተቆረጠ። ባለሙያው የሚሠራው ለሚያየው ዓይን ነው ማለት ነው፤ የትኛው እንደታመመ አይጠይቅም።

ጨርሶ የሞተ ነርቭ ካለ የዚህ ባለሙያ እጅ አቅም የለውም፤ የሚያጠነክረው ትእዛዝ የሚደርስበት ጡንቻ አያገኝም። በስኳርና በደም ግፊት ምክንያት የዛለ ነርቭ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ያገግማል። ያን ጊዜ የተጨመረው ሁሉ ትርፍ ይሆናል። ጡንቻው ኃይሉን በመለሰ ቁጥር ዓይኑ ዒላማውን ማለፍ ይጀምራል፤ «ስተሃል» የሚለው ወሬም እንደገና ይመጣል። ያው እጅ በለጠፈበት ትዕግሥት ይፈታዋል። ሰውየው ሽፋኑን አስቀምጦ ጋዜጣውን ሲያነብ መስመሩን ሳይስት ይዘልቃል። መጀመሪያ መጣፉን፣ ኋላም መፈታቱን አላወቀም። ስፌቱ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሽፋኑ ከዓይን ወደ ዓይን የተዛወረ ዕለት፣ ጤነኛው ዓይን ዒላማውን ስቶ ባለፈ ጊዜ።