አክተሩ አይሞትም፤ ሰልፉስ?

«የፊልም ኮከብ ዘመን አለፈ፤ ዛሬ በስሙ ብቻ ሰው ወደ ሲኒማ ቤት የሚጎትት ተዋናይ የለም» የሚል አነጋገር ከተለመደ ሰንብቷል። በየጋዜጣው ይጻፋል፣ በየካፍቴሪያው ይደገማል። እኛ ግን አባባሉን ከመቀበላችንም ከመጣላችንም በፊት ጥቂት ብናገላብጠው ይሻላል ብለናል። ነገሩ የጥቂት ቱጃር ተዋንያን የኪስ ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ ውሎ አድሮ ጉዳቱ የሚደርሰው ሌላ ሰው ላይ ነው፤ ወደዚያው እንደርሳለን። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

በመጀመሪያ ደረጃ ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሲኒማ ገና ዳዴ በሚልበት ጊዜ ኩባንያዎች የተዋንያኑን ስም ጨርሶ አይገልጡም ነበር። ስሙ የታወቀ ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ ይላላ! ተመልካቹ ግን ፊቷን ለይቶ የወደዳትን አንዲት ሴት «የባዮግራፍ ልጅ» እያለ በኩባንያዋ ስም ይጠራት ነበር፤ ፍሎረንስ ሎረንስ ናት። ሌላ ኩባንያ ወሰዳት፤ በ1910 ሞተች የሚል ወሬ ተነዛ፤ አዲሱ ኩባንያዋ ውሸት ነው ብሎ በጋዜጣ አስነገረ፤ ከዚያ ሴንት ሉዊስ ከተማ በአካል ስትገኝ ሕዝቡ ተንጋግቶ ወጣ። እንግዲህ ኮከብነት ገና ሲወለድ ከማስታወቂያ ጋር መንትያ ሆኖ ነው የተወለደው። ሃያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1938፣ የአሜሪካ የግል ሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ እነግሬታ ጋርቦን፣ ጆን ክራውፎርድን፣ ማርሊን ዲትሪክን፣ ካትሪን ሄፕበርንን ለትኬት መስኮት መርዝ ናቸው ሲል አወጀ። ሄፕበርን በ1940 «ዘ ፊላዴልፊያ ስቶሪ»ን ይዛ ተመለሰችና መርዙ ማር ሆነ። ስለዚህ «አበቃላቸው» የሚል ሟርት በሰማን ቁጥር ድንኳን አንጥልም።

ይህ ሲባል ግን ምንም አልተለወጠም ማለታችን አይደለም። የኮከብነት ጠበቆች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠሩት ምስክር ቶም ክሩዝ ነውና እሱኑ እንመርምር። «ቶፕ ጋን፡ ማቭሪክ» በወረርሽኙ ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል ተቆልፎበት ቆየ። ሌሎች ፊልሞች በኢንተርኔት በየሰው ቤት ሲለቀቁ ሰውዬው የኔ ፊልም በአዳራሽ ካልሆነ አይታይም ብሎ ድርቅ አለ። በግንቦት 2022 ወጣ፤ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። «አያችሁ!» ተባለ። እሺ፣ አየን። በዓመቱ፣ በሐምሌ 2023፣ ያው ቶም ክሩዝ፣ ያንኑ ፈገግታ ይዞ፣ በሞተር ብስክሌት ከገደል አፋፍ እየተወረወረ በአዲስ «ሚሽን ኢምፖሲብል» ብቅ አለ። ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ የፈሰሰበት ፊልም ያስገባው 570 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ከዚያ ላይ ግማሹን ያህል ድርሻቸውን ሲያነሱ ትርፉ የት ይገኛል? ፊልሙ በወጣ በዘጠኝ ቀኑ ደግሞ «ባርቢ»ና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን ገብተው አዳራሾቹን ተረከቡት።

ስሙ ያው፣ ፊቱም ያው። ታዲያ በ2022 ያን ሁሉ ሕዝብ ያመጣው ማን ነው? በበኩላችን የምንለው፣ ቤቱ ተዘግቶበት የከረመ ሰው፣ በትንሽ መስተዋት የማይጠገብ የአውሮፕላን ትርኢትና የ1986ቱ የመጀመሪያው ፊልም ትዝታ አንድ ላይ ገጠሙ ነው። ክሩዝ ምሰሶ ሆነ እንጂ ቤቱን ብቻውን አላቆመውም። «ኦፐንሃይመር»ን ደግሞ ተመልከቱ። መሪ ተዋናዩ ኪልያን መርፊ ከዚያ በፊት ሰልፍ ያስያዛል ተብሎ የሚታማ ሰው አልነበረም፤ ፊልሙ ግን ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሰዉ «የኖላን ፊልም» እያለ ነው የሄደው። «ባርቢ»ንስ? አሻንጉሊቷ ራሷ ኮከብ ነበረች።

እዚህ ላይ ሆሊውድን ትተን የኛ አገር ተመልካች በደንብ ወደሚያውቀው ወደ ህንድ ፊልም እንሻገር። ሻሩክ ካን በታኅሣሥ 2018 «ዜሮ» የሚባል ፊልም አወጣና ፊልሙ ወደቀ (ርእሱ ሟርት ሳይሆንበት አልቀረም)። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በመሪ ተዋናይነት አልታየም። በጥር 2023 «ፓታን»ን ይዞ ሲመለስ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ10 ቢሊዮን ሩፒ በላይ አስገባ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም የወጣው «ጃዋን» ያንንም በለጠ። ይኼ ሰው በአራት ዓመት ውስጥ የተሻለ ተዋናይ ሆነ? አልሆነም። ናፈቀ እንጂ! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ «አክተሩ አይሞትም» የሚለውን ሕግ ጠንቅቆ ያውቃል። ጥይት እንደ በረዶ ቢወርድበት፣ ከፎቅ ቢወረወር፣ አክተሩ ይነሳል። የፊልሙን ርእስ የሚጠይቅ የለም፤ «ማነው የሚሠራው?» ነው ጥያቄው። ያ ጥያቄ ኃይል የነበረው ያ ፊት እዚያ ጨለማ ውስጥ ካልሆነ በቀር የትም ስለማይገኝ ነው። ዛሬስ? ጠዋት በስልካችን ቁርሱን ሲበላ ያየነው፣ ቀን ሳሙና ሲያስተዋውቅ ያየነው፣ ማታ ከሚስቱ ጋር ስለመጣላቱ የሰማንበት ሰው ነው። ይህን ፊት ለማየት ታክሲ ተሳፍሮ፣ ትኬት ቆርጦ፣ አምሽቶ መመለስ ለምን ያስፈልጋል? በአዲስ አበባም ቢሆን የአማርኛ ፊልም ደርቶ በየአዳራሹ በር ሰው ይሰለፍላቸው የነበሩት ፊቶች ወደ ተከታታይ ድራማውና ወደ ዩቲዩብ ሲገቡ፣ ተመልካቻቸውም አብሯቸው ቤት ገባ።

በ2024 «ዘ ፎል ጋይ» ላይ የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ራያን ጎዝሊንግና ኤምሊ ብለንት ሁለቱም ከዚያ በፊት በነበረው በጋ በእነ«ባርቢ»ና «ኦፐንሃይመር» ገንነው፣ ሁለቱም ለኦስካር ታጭተው የመጡ ናቸው። ፊልሙ ራሱም ቀልዱ የማይጎመዝዝ፣ ለስታንት ሠራተኞች ክብር የሚሰጥ ደግ ሥራ ነው። ሆኖም የተጠበቀውን ያህል ሰው አልመጣለትም፤ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያይ በኪራይ ተለቀቀ። ባለፊልሞቹ እንዲህ ካስለመዱት፣ ተመልካቹ ቢጠብቅ ምን ይፈረድበታል!

እንግዲህ ኮከቡ መሳቡን ተወ ማለት ነው? የለም። መሳቡን አልተወም፤ የሚስበው ተለወጠ። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮና ሮበርት ዲ ኒሮ የተገናኙበት የማርቲን ስኮርሴሲ «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» በ2023 ሲወጣ አፕል 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከስክሶበት ነበር። በሲኒማ ቤት ያስገባው 160 ሚሊዮን አልሞላም። በነዳጅ ሀብታቸው ምክንያት ስለተገደሉት የኦሴጅ ሕንዶች የሚናገር፣ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ያን ያህል ገንዘብ ያገኘው ያለ ዲካፕሪዮ ስም ነው ወይ ቢባል፣ ማንም አያምንም። ከሁለት ዓመት በፊት «ሬድ ኖቲስ» የተባለው ፊልም ደግሞ ሦስት ኮከብ ደርድሮ ዋና መድረኩን ኔትፍሊክስ ላይ አደረገ። ስሙ ዛሬም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ትኬት መስኮቱ ላይ ሳይሆን ገንዘብ በሚፈቀድበት ቢሮ ውስጥ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ «ደግ ሆነ፤ ከፊት አምልኮ ተገላገልን፣ አሁን ፊልሙ ራሱ ይመዘናል» ይላሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። ኮከቡ የለቀቀውን ወንበር የያዙት አሻንጉሊቷና ልዕለ ጀግናው ናቸው። ሮበርት ዳውኒ በብረት ልብሱ ውስጥ ሆኖ በ2019 «አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም»ን ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አደረሰ፤ ልብሱን አውልቆ በ2020 በ«ዱሊትል» ሲመጣ ግን የተከተለው ጥቂት ነው። እርግጥ እንደ 2025ቱ «ሲነርስ» ያለ ከማንም ያልተቀዳ ታሪክ በማይክል ቢ ጆርዳንና በዳይሬክተሩ በራያን ኩግለር ስም አዳራሽ ሲሞላ አይተን ደስ ብሎናል። ብርቅ ስለሆነ ነው ግን ደስ ያለን።

ለኛ የሚያሳስበን ይህ ነው። ታዋቂ ፊት ለዘመናት አንድ ውለታ ሲውል ኖሯል፤ ተመልካች በራሱ ፈልጎ የማይሄድበትን ከባድ ፊልም እጁን ይዞ ያሳየው ነበር። የኛውን «ድፍረት»ን እናንሳ። በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም አማርኛ ይናገራል፤ የሚተርከው ስለ ጠለፋ ነው፤ ሜሮን ጌትነትንና ትዝታ ሀገሬን የመሰሉ መሪ ተዋንያኑን ውጭ አገር የሚያውቅ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ሽልማቱን ያመጣው ፊልሙ ነው፤ ክርክር የለንም። ወሬውን በየአገሩ ያደረሰው ግን ከአዘጋጆቹ መካከል የሰፈረው የአንጀሊና ጆሊ ስም ነው። ጆሊ በፊልሙ ውስጥ አንዲት ደቂቃ እንኳ አትታይም። ባርቢ የማንም ስም ባይጨመርላት ሰልፏ አይጎድልባትም፤ በጠለፋ ላይ የተሠራ የአማርኛ ፊልም ግን ነገ የሚዋሰው ስም ቢያጣ፣ የባዕድ አገር ሲኒማ ቤት ባለቤት በምን ብሎ አንድ ምሽት ይለቅለታል?