ቃሉ፣ ማሚቶውና ዝምታው

ለእናንተ ስለ ዛር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከጎንደር እስከ ኦምዱርማን፣ ከዚያም እስከ ካይሮ ስሙ ያው ዛር ነው። ነገር ግን በዓለም ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ድርሰቶች አንዱ ከዚሁ ከዛር ቤት መውጣቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ደራሲው ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ነው። በ1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር ናቸው) በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ከካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች ከሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ገባ። የቀዳውንም ዋናውን ቃና እየቀነሰ፣ ማሚቶውን እያበዛ አዲስ ድርሰት አደረገው። በዚህ መንገድ ስሙ የገነነው የፓሪሱ ፒየር ሼፈር ሥራውን ያሰማው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ኤል ዳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን በአንድነት ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመ እሱ ነው። በ2017 ዐረፈ።

ዛሬ የሚሰማው ቁራጭ 2 ደቂቃ ያህል ነው። ውበቱን አንክድም፤ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ለቅሶ አንጀት ይበላል። ግን ሴቶቹ ምን አሉ? አንድ ቃል አይለይም። ምሥጢራቸውን በማሚቶ ሸፈነላቸው የሚል ይኖራል፤ ይህም ቀላል ክርክር አይደለም። ሆኖም እኛ በየጠረጴዛው ፊት ቃላችንን ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ነንና፣ ድምፁ ተወስዶ ቃሉ ሲቀር ዝም ብለን አናልፈውም።

አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ በ1988 በተቃራኒው ሄደ። «የተለያዩ ባቡሮች» የሚለው ድርሰቱ የተጻፈው ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላ፣ ለቼሎና ለቴፕ ነው። ከናዚዎች ጭፍጨፋ የተረፉ አይሁዶች የተናገሩት በቴፑ ይሰማል፤ መሣሪያዎቹም የአዝማሪ ማሲንቆ የጌታውን ቃል ተቀብሎ እንደሚመልስ የአነጋገራቸውን ዜማ ይመልሳሉ። እዚህ ቃሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ዝምታው ነው። ከረጅሙ ምስክርነት ጥቂት ጥቂት ቃል እየተቆረጠ ይገባል፤ ተናጋሪው ትንፋሽ አጥሮት ያቆመበት ቦታ ግን ወድቆ ቀርቷል። ባቡሩም 27 ደቂቃ ያህል ይነዳል።

ከአገር ቤት በካሴት፣ ኋላም በስልክ የድምፅ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ይፍረድ። እናት «ሁላችንም ደኅና ነን» ብላ ዝም ስትል፣ ከኋላዋ እንጨቱ ሲንጣጣ ብቻ ሲሰማ፣ ያንን ቦታ ስንት ጊዜ መልሰን ሰምተነዋል! ማን እንደ ጎደለ የነገረን እሱ ነው። ራይክ እንዲህ ያለ አንድ ዝምታ እንኳ ቢተውልን ኖሮ ባቡሩ ይበልጥ ባስፈራን ነበር።

ሁለቱም በአንድ ስልክ ተቀድተው በእጃችን ይገኛሉ። ማዳመጥ የሚሻ ጀነሬተሩ ሳይነሣ ይምጣ፤ የኤል ዳብ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ጫጫታ ይውጠዋል።