ሊትርና መጠነ ሙቀት፦ ስለ ይዘት ልኬት አስተማመር የቀረበ ሒስ

ቤንዚን በማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ ቢቀዳ ይበረክታል የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ። በልደታ ክፍለ ከተማ፣ በሜክሲኮ አደባባይ ተራ ከሚጠብቁት የታክሲ ሹፌሮች አንዱ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጁን «ይህ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ ለመልሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ተምሮ ሳለ መቸገሩ አይቀርም። ይዘትን የተማረው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ፣ ርዝመትን በወርድና በቁመት በማባዛት ነው፤ ፈሳሾች ሲሞቁ የሚሰፉ መሆናቸውን የተማረው ደግሞ ከዓመታት በኋላ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ትምህርት ቴርሞሜትር የለም፤ በሁለተኛው ሊትር የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የችግሩ ሥር በታችኛው ክፍል ይገኛል። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዣን ፒያዤ እንዳሳየው፣ ሕፃን ልጅ ውኃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ የበዛ ይመስለዋል። መምህሩ ይህን ስሕተት ለማረም «ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም፤ ይዘቱ ያው ነው» ይላል። ንግግሩ ለዚያ ዕድሜ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ያው ሆኖ የሚቀረው በመሠረቱ መጠነ ቁሱ እንጂ ይዘቱ እንዳልሆነ፣ ይዘቱም ያው የሚሆነው መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ እንደሆነ በኋላ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ተማሪው «ይዘት አይለወጥም» የሚለውን እንደ ሕግ ይዞ ያድጋል። በቤተ ሙከራ ባለልክ ብርጭቆዎች ላይ «20 ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ሲያይም እንደ ፋብሪካ ምልክት ቆጥሮ ያልፈዋል።

የሊትር ታሪክ ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ዓ.ም. በተሰጠው ትርጉም፣ ሊትር ማለት አንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ውኃ እፍግታው ከፍተኛ በሚሆንበት መጠነ ሙቀት፣ ማለትም በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ የሚይዘው ቦታ ነበር። ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ተሽሮ ሊትር ከአንድ ኩብ ዴሲ ሜትር ጋር እኩል እንዲሆን ተደረገ። መለኪያው ከሙቀት ነፃ ወጣ፤ የሚለካው ፈሳሽ ግን አልወጣም። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር የሆነ ውኃ በ90 ዲግሪ ከ30 ሚሊ ሊትር በላይ ይጨምራል። (የጀበና መገንፈል ለዚህ ምሳሌ ሆኖ ባይቀርብ ይመረጣል፤ በዚያ የሚታየው አብዛኛው አረፋ ነውና።)

ቤንዚን ከውኃ ይልቅ ብዙ ይሰፋል፤ በአንድ ዲግሪ ከሺህ አንድ እጅ ያህል፣ በይበልጥ ትክክለኛው አኃዝ 0.00095 ገደማ። በ50 ሊትር ላይ የአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያመጣው ለውጥ 48 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። የማደያ ታንከር ከመሬት በታች የተቀበረ ስለሆነ ደግሞ የነዳጁ ሙቀት በጧትና በቀትር መካከል እምብዛም አይለያይም። እንግዲህ የማለዳው ምክር መሠረቱ እውነት፣ ጥቅሙ ግን ኢምንት ነው።

ጉዳዩ የሚከብደው በሌላ ቦታ ነው። የአገራችን ነዳጅ በአብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ወደብ ሲሆን፣ በዚያ በበጋቸው የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። በዓለም የጅምላ ንግድ የነዳጅ ይዘት ወደ አንድ የጋራ መጠነ ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዲግሪ፣ ተመልሶ የሚሰላው በዚህ ምክንያት ነው። የቡታጋዝ ሻጮች ደግሞ በኪሎ ግራም በመሸጥ ከጣጣው ድነዋል።

ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ስለ መስፋት ሌላ ምዕራፍ መጨመር አያሻቸውም። ሊትር በሚገባበት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቴርሞሜትር ከመለኪያው አጠገብ ቢቀመጥ፣ አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ቀለም በገባበት ውኃ ተሞልቶ በፀሐይ ቢቆም ይበቃል። ለላይኛው ክፍል ፈተናም በባዶ ሣጥን ስሌት ምትክ የሚከተለውን የመሰለ ጥያቄ ሊወጣ ይችላል፦ አንድ ቦቴ በ40 ዲግሪ 45,000 ሊትር ቤንዚን ጭኖ ተነሣ። በ20 ዲግሪ ሲራገፍ ቆጣሪው 44,000 ሊትር አሳየ፤ ሹፌሩም በስርቆት ተጠረጠረ። ከጎደለው 1,000 ሊትር ሙቀት ሊወስደው የሚችለው ስንቱን ነው? ሹፌሩ መጠየቅ ያለበትስ ስለ ስንት ሊትር ነው?