ሠዓሊው ከውጭ ምን ይዞ ይመለስ?

ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ገና አረፍ ሳይል «ምን ይዘህ መጣህ?» ይባላል። ሠዓሊ ከሆነ ደግሞ ሻንጣው ቀርቶ ሸራው ይፈተሻል። የውጭ ነገር ከተገኘበት «ፈረንጅ ሆኖ ቀረ»፤ ካልተገኘበት «ታዲያ ምን ሊሠራ ሄደ?» ነው። እንግዲህ ምን ይሁን ሰውየው?

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ይህን ፈተና ቀምሶታል። የሐረሩ ልጅ ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲመለስ ያሳየው ረቂቅ ሥዕል «የኛ አይደለም» ተባለ። ለምን? መሶብ የለበትም፣ ጀበና የለበትም፣ ጎጆ የለበትም። እንዴ! አገር በመሶብ ብቻ ነው እንዴ የሚታወቀው? «ጎልጎታ»ን የሣለ ሰው እኮ ነው፤ ስቅለት ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ስናየው የኖርነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። ኋላም ከአገሩ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሙዚየሙ መልካም ነው። ያንን የመሶብ ሚዛን ግን ገና አልጣልነውም፤ እኛ ተማሪዎቹም ሒስ ስንጽፍ እናነሣዋለን።

አፈወርቅ ተክሌ ለንደን ስሌድ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ እንደገና አውሮፓ ሄዶ በየቤተ መጻሕፍቱ ያጠናው ምን ነበር? የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች! (የአገርን ብራና ለማየት ባሕር ማቋረጥ ያናድዳል፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) የቀለም መስተዋት ጥበቡም በአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ላይ ውሏል።

በቡድን የሚደረገው የሥዕል ጉዞ የራሱ ጣጣ አለው። ዐሥር ሰው አንድ አደባባይ ዳር ሸራውን ዘርግቶ የጎረቤቱን ሰረቅ እያደረገ ካየ፣ የሚወጣው ዐሥር ጊዜ የተሣለ አንድ ሥዕል ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ሌላው ቀለም ሲቀላቅል ማየት፣ ማታ መከራከር ትምህርት ነው። ግን የባዕድ ከተማው ሥዕል አማረ አላማረ ብዙ አያስጨንቀኝም። እኔ የማየው ተመልሶ የሠራውን የመጀመሪያ ሥዕል ነው።

እስቲ ያ ሠዓሊ ወደ ዲላ ይምጣ። እዚያ የለመደው ሜዳ ከፊት፣ ተራራ ከኋላ፣ ሰማይ ከላይ ነው። ጌዴኦ ግን ይህን አትሰጠውም። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ጋር እንሰት። አድማስ የሚባል ነገር ፈልጎ ያጣል። የእንሰቱ ቅጠል አፍንጫው ሥር ነው፤ ብርሃኑም ተሰባብሮ፣ በቅጠል ተጣርቶ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በርቀት ሕግ የሠለጠነ እጅ እዚህ ይያዛል። ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ አስፋልት ዳር ወጥቶ እንደ ፖስትካርድ ከሩቅ ይሥላል፣ ወይ እንሰቱ መሐል ገብቶ የተማረውን እንደገና ያፈርሳል። የመጀመሪያውን የመረጠ፣ መሶብ ቢጨምርበትም እንኳ፣ ገና ከውጭ አልተመለሰም እላለሁ። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ለሩቅ እይታው ውበት ብቻ ብሎ አይደለም፤ ሰውና ዛፍ፣ እህልና ቡና ተዛዝለው የሚኖሩበት በመሆኑ ነው። ይህ ደግሞ ከውስጥ ካልሆነ አይሣልም።

«ውስጥ ገብቶ የሚወጣው ረቂቅ ነገር ቢሆንስ?» ለሚለኝ፣ ቱቱ ፈላን አሳየዋለሁ። እዚያ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች የጠረበው እጅ ሰውን በጥቂት ጭረት ጨርሶታል፤ ሥጋውን ትቶ ምልክቱን አስቀርቷል። ፈረንሳዊው ሮጀ ዡሶም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቆፍሮ ሲያጠና፣ ቀድሞ ሌላ ቅርጽ የነበራቸው አንዳንድ ድንጋዮች ኋላ እንደገና ተጠርበው የሰው መልክ እንደተሰጣቸው ታይቷል። የቀደመውን ወስዶ እንደገና የሚቀርጽ እጅ እዚህ ነበረ ማለት ነው፤ ኮሎኝ ድረስ የላከውም የለም። እና «ረቂቅ ጥበብ የኛ አይደለም» የሚለው ወዳጄ ከዲላ ወደ ደቡብ የሚወጣ መኪና ይያዝ፤ ድንጋዮቹን አይቶ ይምጣና ያኔ እንከራከር።